የጣና ጠባይና የርብ ጠባይ፤ ስለ ኤሌክትሪክ ምንጮች

ማታ ከመሥሪያ ቤት ተመልሰው ማብሪያውን ሲጫኑ፣ መብራቱ ምን ዓይነት ምንጭ እንዳለው አስበው ያውቃሉን? መልሱን ከወረታ አጠገብ፣ ከፎገራ ሜዳ ብንጀምር ነገሩ ይቀለናል።

ጉማራና ርብ ከጉና ተራራ ተነሥተው የፎገራን ሜዳ በማቋረጥ ጣና ይገባሉ። ርብ በክረምት ያመጣውን ውሃ ይለቃል እንጂ ተቀባዩ ምን ያህል እንደሚሻ አይጠይቅም። መንገዱን ቢዘጉበት ከፍ እያለ ሄዶ ዳርቻውን ይጥሳል፤ በገበሬውም ሩዝ ላይ ይተኛል። ጣና ግን ሌላ ጠባይ አለው። አንድ ገበሬ ጥቂት ቢቀዳም ብዙ ቢቀዳም የሐይቁ ከፍታ ያው ነው፤ መጠኑን የሚወስነው ቀጂው ነው።

የኤሌክትሪክ ምንጭም እንዲሁ በሁለት ይከፈላል። ግፊቱን፣ ማለት ቮልቱን፣ አጽንቶ የሚይዘው እንደ ጣና ነው፤ ፍሰቱን፣ ማለት አምፔሩን፣ አጽንቶ የሚሰደው እንደ ክረምት ርብ ነው።

ሁለቱም በታሪክ ተፈትነዋል፤ ዓመታቱን በፈረንጅ አቈጣጠር እንናገራለን። ኢጣሊያዊው ቮልታ በ1800 ያስታወቀው ባትሪ የግፊት ምንጭ ነው። በ1879 አሜሪካዊው ቻርልስ ብረሽ የክሊቭላንድን አደባባይ ሲያበራ ግን፣ መብራቶቹን እንደ መቍጠሪያ በአንድ ሽቦ ሰክቶ በሁሉም አንድ ዓይነት ፍሰት አሳለፈ። እንዲህ ያለው መስመር ቢበጠስ ግፊቱ በተበጠሰበት ስፍራ ያይላል፤ ስለዚህ ለቤት አይመችም ነበር። በ1882 ኤዲሰን በኒው ዮርክ ግፊቱን በማጽናቱ እያንዳንዱ ቤት የጎረቤቱን ሳያጠፋ የራሱን መብራት ለማብራት ቻለ። የአገራችንም የቤት መስመር በ220 ቮልት የሚሠራው በዚሁ ሥርዓት ነው።

የጣና ውሃ በ1964 በጢስ ዓባይ፣ በ2010 ደግሞ 460 ሜጋዋት ኃይል ባለው በጣና በለስ ጣቢያ ለኤሌክትሪክ ሥራ ዋለ። በፎገራ ያለፈው ውሃ ብርሃን ሆኖ በሽቦ ይመለሳል ማለት ነው።

ይሁን እንጂ ከቶ የማይጎድል ምንጭ የለም። ቀጂው ሲበዛ ሐይቅም ይቀንሳል፤ ሁሉም በአንድ ሰዓት ምድጃውን ሲለኩስም መብራቱ ይፈዛል። ሁለት ሽቦ ቢነካካ ደግሞ ግድብ እንደ ተናደ ያህል ፍሰቱ ልክ ያጣል። ፊውዝ የተሠራው ለዚህ ነው። የተቃጠለውን ፊውዝ በወፍራም ሽቦ የሚተካ ሰው፣ ብርሃን ያገኘ መስሎት ቤቱን ለእሳት አሳልፎ ይሰጣል።