ከእንጦጦ የሚወርድ ውሃ

ክረምት በገባ ቁጥር አዲስ አበባ ውስጥ ጎርፍ ቤት ያፈርሳል፣ ሰው ይወስዳል፤ ወዲያው «ድንገተኛ የተፈጥሮ አደጋ» የሚል ስም ይሰጠዋል። ይህ ስም ሲደጋገም ማንም የማይጠየቅበት ማምለጫ ስለሚሆን ልንመረምረው ይገባል። ዝናቡ በእርግጥ የተፈጥሮ ነው። ከተማዋ በዓመት 1,200 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ዝናብ ታገኛለች፤ አብዛኛውም የሚወርደው ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው ጊዜ ነው። የመሬቱ አቀማመጥም እንዲሁ የተፈጥሮ ነው። በሰሜን ያለው የእንጦጦ ሰንሰለት ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍ ይላል፣ በስተምሥራቅ በየካ ተራሮች በኩል ወደ አያት ይወርዳል፤ በደቡብ ያለው የአቃቂ ሜዳ ግን ከዚህ ከፍታ በአንድ ሺህ ሜትር ገደማ ዝቅ ብሎ ይገኛል። ቀጨኔ፣ ግንፍሌ፣ ቀበና፣ ሌሎቹም ወንዞች ይህን ቁልቁለት በአጭር ርቀት ይወርዱታል። ይህ ሁሉ ከተማዋ ከመቆርቆሯ በፊት የነበረ ነው። ከዚያ በኋላ የመጣውን ለማየት ግን ወደ እንጦጦ ታሪክ መመለስ ያስፈልጋል።

የኢትዮጵያ ነገሥታት መናገሻ ለብዙ ዘመን ተንቀሳቃሽ ነበር። ንጉሡ ከሠራዊቱና ከቤተሰዎቹ ጋር አንድ ቦታ ይሰፍራል፤ ለማገዶና ለቤት መሥሪያ የሚሆነው እንጨት ሲያልቅ ነቅሎ ወደ ሌላ ይሄዳል። ምኒልክም እንጦጦ ላይ የከተሙት በዚሁ ልማድ ነው። ተራራው ለመከላከያ ቢመችም ብርዱ ከባድ ነበር፤ ደኑም የዚያን ያህል ሕዝብ ማገዶ ሊችል አልቻለም። በ1879 ዓ.ም. እቴጌ ጣይቱ ፍልውሃ አጠገብ ቤት አሠርተው አዲስ አበባ ስትቆረቆር የእንጨቱ ችግር አብሮ ወረደ። በ1893 ዓ.ም. አካባቢ ምኒልክ ወደ ምዕራብ ተጉዘው አዲስ ዓለምን ሊከትሙ ግንባታ እስከ መጀመር ደርሰው ነበር። ያን ጊዜ የተጀመረው ቤተ መንግሥት በኋላ ቤተ ክርስቲያን ሆነ፤ ዋና ከተማዋም ከቦታዋ አልተነቃነቀችም። ለዚህ ከዋናዎቹ ምክንያቶች አንዱ በ1880ዎቹ መጨረሻ ከአውስትራሊያ ምድር የመጣው ባሕር ዛፍ ነው። ቶሎ ያድጋል፣ ሲቆረጥ መልሶ ያቆጠቁጣል፣ ከብት አይበላውም። በጥቂት ዐሥርት ዓመታት ውስጥ እንጦጦን አለበሰው፤ ከተማዋንም አጸናት።

የእኔ ክርክር የሚነሣው እዚህ ላይ ነው። ተንቀሳቃሹ መናገሻ ያራቆተውን መሬት ትቶት ይሄድ ነበር፤ በተራቆተው ቁልቁለት ላይ የወረደው ዝናብም ከተማ አያገኝም ነበር። መናገሻው ሲጸና ግን የጥፋቱ ውጤት ተመልሶ የሚያርፍበት ነዋሪ ተገኘ። ባሕር ዛፉን ያስተከሉትን ሰዎች ልወቅስ አልችልም፤ የተጋረጠባቸውን ችግር በዘመናቸው እውቀት ፈትተዋል። ሆኖም ያ መፍትሔ ግዴታ አስከትሎ ነበር። ነቅሎ መሄድ የማይችል ከተማ ተራራውን መጠበቅ፣ ለውሃው መውረጃ መተው ይኖርበታል። ከባሕር ዛፉ ሥር የሚረግፈው ቅጠል አፈሩን ሸፍኖ የዝናቡን ኃይል ባበረደው ነበር፤ ነገር ግን ቅጠሉና ጭራሮው ለእንጀራ መጋገሪያ እየተጠረገ ለከተማው ሲሸጥ ኖሯል። ያን ሸክም በጀርባቸው ተሸክመው ከእንጦጦ የሚወርዱት ሴቶች ሌላ መተዳደሪያ አልነበራቸውም። ለመቶ ዓመት ያህል ሌላ ማገዶ ሳያዘጋጅ በእነርሱ ጀርባ እንጀራውን የጋገረው ከተማው ነው።

ወደ ምሥራቅ ስንመጣ አያት የዚሁ ታሪክ የቅርብ ምዕራፍ ናት። ትናንት ጤፍና ስንዴ ይዘራበት የነበረው ሰፊ መሬት ዛሬ ሪል ስቴትና ኮንዶሚኒየም ነው። ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ የቀላል ባቡሩ መሥመር ከጦር ኃይሎች ተነሥቶ የሚያበቃው አያት ላይ ነው። በየካ ክፍለ ከተማ ሥር የነበረው ይህ ዳርቻ ከመስፋቱ የተነሣ በ2013 ዓ.ም. ለሚ ኩራ የሚባል ራሱን የቻለ ክፍለ ከተማ ተዋቀረ። ቤት ያስፈልግ ነበር፤ በዚህ አልከራከርም። ነገር ግን የእርሻ መሬት ዝናብ ይጠጣል፤ ጣሪያ፣ አስፋልትና የኮብልስቶን ንጣፍ ግን አይጠጡም፤ የወረደባቸውን ወዲያው ወደ ታች ይሰዱታል። ውሃው የሚሄደው ወደ ትልቁ አቃቂ ተፋሰስ ስለሆነ ላይ አያት በጠበበ ቱቦ የተሠራ ሥራ ዋጋው የሚከፈለው ታች ባሉ ሰፈሮች ነው። የሚያጠፋው አንድ፣ የሚጎዳው ሌላ ሲሆን፣ ጉዳቱን የተፈጥሮ ነው ማለት ይቀላል።

የተፈጥሮን አደጋ ከሰው ቸልተኝነት በምን እንለየው? መለያው የአደጋው ዓይነት አይመስለኝም። ልንጠይቅ የሚገባው «ይታወቅ ነበር ወይ? የሚያውቀውስ አቅም ነበረው ወይ?» ብለን ነው። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. በቆየው፣ «ክፉ ቀን» በተባለው ረሃብ ከብቱን የፈጀው በሽታ የገባው ጣልያኖች ባስመጧቸው ከብቶች ነው። መነሻው የሰው ሥራ ቢሆንም ለበሬው ክትባት ገና አልነበረም፤ ገበሬውም ቤተ መንግሥቱም ሊያቆሙት የሚችሉት አልነበረም። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ወሎ ላይ የሆነው ግን ሌላ ነው። ዝናቡ መቅረቱ፣ ሰው ማለቁም ይታወቅ ነበር፤ መንግሥት ግን ሸሸገው። ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያም የገጠሩን ሕዝብ ለረሃብ መጋለጥ ባጠኑበት መጽሐፋቸው ድርቅን ከረሃብ ለይተው ያሳዩን ከዚያ በኋላ ነው። ዛሬ ድርቅ ብቻውን ሰው አይፈጅም ብንል የሚቃወመን ጥቂት ነው። ስለ ዝናብና ስለ ጎርፍ ግን እንዲህ ለይተን መናገር ገና አልለመድንም።

ቆሼ ለዚህ ከሁሉ የመረረው ማስረጃ ነው። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ማታ ቆሼ እየተባለ የሚጠራው የረጲ የቆሻሻ ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ። በዚያ ቀን ተፈጥሮ ምንም የተለየ ነገር አላደረገችም። ክምሩ ከ1950ዎቹ ጀምሮ ሲቆለል የኖረ ነው፣ መሙላቱም ከታወቀ ቆይቷል፤ ለዚህም ነው ከአያት በለገጣፎ በኩል በሚወስደው መንገድ ሰንዳፋ ላይ አዲስ ማስወገጃ የተሠራው። ሰንዳፋ በ2008 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ፤ በጎረቤትነት ክፉኛ የተጎዱት ገበሬዎች ስለተቃወሙ በዚያው ዓመት መጨረሻ ተዘጋ። ቆሻሻው ወደ ሞላው ክምር ተመለሰ፤ ዓመት ሳይሞላ ክምሩ ተናደ። ገበሬዎቹን የሚወቅሱ ነበሩ። እኔ ግን መጠየቅ የሚገባው የአካባቢውን ሰው ሳያሳምን ቦታ የመረጠው፣ ቀጥሎም ክምሩ ሥር ሰው እየኖረ እንደገና ያስደፋው ነው እላለሁ።

«የአየር ንብረቱ ተለውጧል፣ ዝናቡ እንደ ድሮው አይደለም» የሚል መልስ ይሰማል። ዝናቡ እየከበደ ከሆነ ግን ይህ ቱቦውን ለማስፋት ምክንያት ነው፤ አስቀድሞ የተነገረ ነገር ይቅርታ አያሰጥም። ሌላው መልስ ይበልጥ ያሳስበኛል፤ «ወንዝ ዳር የሠራው ሰው ራሱ አይደለም ወይ?» ይላል። አዎ፣ ራሱ ነው። ነገር ግን ከወንዙ የራቀውን መሬት ዋጋ የማይችል ሰው ወንዝ ዳር የሰፈረው አደጋውን ንቆ አይደለም። ኃላፊነት እንደ እውቀቱና እንደ አቅሙ ይከፈላል፤ ካርታ የያዘው፣ ፈቃድ የሚሰጠውና በጀት ያለው ክፍል ቀድሞ ይጠየቃል።

ይህን ስል ሁሉን ነገር በሰው ላይ መጫን አልፈልግም። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. ጎፋ ዞን፣ ገዜ ጎፋ ወረዳ ውስጥ ተራራ ተንዶ ሰዎችን ቀበረ፤ ሊያወጧቸው የተረባረቡት ላይ ደግሞ ሌላ ናዳ ወረደባቸው፤ ከ200 በላይ ሰዎች አለቁ። ሁለተኛውን ናዳ ሳይጠረጥሩ ጎረቤታቸውን ሊያድኑ እጃቸውን ይዘው የሮጡትን ቸልተኛ የሚል አንደበት ሊኖረን አይገባም። በዳገት ላይ ስለሚኖረው ወገን ግን ከዚያ ቀን በኋላ እንደማያውቅ መሆን አይቻልም።

ድሬዳዋ ይህን በከባድ ዋጋ ተምራለች። የደቻቱ ወንዝ አብዛኛውን ዓመት ደረቅ አሸዋ ነው፤ ሐምሌ 29 ቀን 1998 ዓ.ም. ሌሊት ግን ከሐረርጌ ደጋ የወረደው ውሃ ከ250 የማያንሱ ሰዎችን ወሰደ። ከዚያ በኋላ በወንዙ ግራና ቀኝ የመከላከያ ግንብ ተሠራ። ደጋው አልተለወጠም፣ ደቻቱም እዚያው ነው፤ የተለወጠው የሰው ሥራ ነው። አዲስ አበባም ነሐሴ 11 ቀን 2013 ዓ.ም. በጎርፍ ሰዎች ሞተውባታል። የከተማዋ እሳትና አደጋ ሥጋት ሥራ አመራር ኮሚሽን ክረምት ሳይገባ ለጎርፍ የተጋለጡ ቦታዎችን ለይቶ ያሳውቃል። በጎ ሥራ ነው። ነገር ግን ስሙ ግንቦት ላይ በዝርዝር የተጻፈ ሰፈር ነሐሴ ላይ ሲጥለቀለቅ «ድንገተኛ» የሚለውን ቃል ማንም ባለሥልጣን ሊጠቀምበት አይችልም፤ ከግንቦት እስከ ነሐሴ ምን እንደተሠራ ተጠይቆ መመለስ አለበት።