የዲጂታል ደኅንነትና ሥነ ምግባር ትምህርት

የዲጂታል ደኅንነትና ሥነ ምግባር ትምህርት ልጆች ኮምፒውተርን፣ ስልክንና ኢንተርኔትን ራሳቸውንም ሆነ ሌላውን ሳይጎዱ እንዲጠቀሙ ከአንደኛ ደረጃ ጀምሮ የሚሰጥ ትምህርት ነው። ኢንተርኔት በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ወደ መኖሪያ ቤትና ትምህርት ቤት ከገባ በኋላ የተስፋፋ ሲሆን፣ ከ2004 እ.ኤ.አ. ወዲህ በየዓመቱ በፌብሩዋሪ የሚታሰብ የኢንተርኔት ደኅንነት ቀንም አለው።

እንግሊዝ ከሴፕቴምበር 2014 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በብሔራዊ ሥርዓተ ትምህርቷ፣ በኮምፒውተር ትምህርት ሥር አካትታዋለች። ከ5 እስከ 7 ዓመት ያሉ ልጆች የግል መረጃን መጠበቅና የሚያሳስብ ነገር ሲገጥማቸው የት እርዳታ እንደሚጠይቁ፣ ከ7 እስከ 11 ዓመት ያሉት ደግሞ ተገቢውን ምግባር ካልተገባው መለየትና ችግርን ማሳወቅ ይማራሉ።

ትምህርቱ በአብዛኛው በተግባር ይሰጣል፦ ተማሪዎች አንድን ፎቶግራፍ መርምረው በልጁ የደንብ ልብስ ላይ ያለው ዓርማ ትምህርት ቤቱን እንደሚያሳውቅ ይገነዘባሉ፤ የጓደኛን ምስል ከመለጠፍ በፊት ፈቃድ መጠየቅን ይለማመዳሉ።

የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መብቶች ኮሚቴ በ2021 እ.ኤ.አ. ባወጣው አጠቃላይ አስተያየት ቁጥር 25፣ የዲጂታል ዕውቀት ከቅድመ መደበኛ ጀምሮ በመሠረታዊ ትምህርት እንዲካተት አሳስቧል። ኢትዮጵያ ኮሚቴው የሚከታተለውን ስምምነት ያጸደቀችው በ1991 እ.ኤ.አ. ነው።