የድካም መድኃኒት

ደከመኝ የሚል ሰው መድኃኒት አዛዥ አያጣም። ትኩሳት የያዘው ወደ ሐኪም ይላካል፤ ሆዱን የቆረጠውም እንዲሁ። የደከመው ሰው ግን ከጎረቤት እስከ ጥበቃው፣ ከቄሱ እስከ ታክሲ ረዳቱ ድረስ ሁሉም ሐኪሙ ነው። ይህን የምለው ከጥቂት ዓመታት በፊት ዘጠኝ ወር ሙሉ ደክሞኝ ስለነበረ ነው። እንቅልፍ ተኝቼ ደክሞኝ እነሣለሁ፤ አራተኛ ፎቅ ላይ ያለው ቢሮዬ ለመድረስ ሁለት ጊዜ ደረጃው ላይ ቆሜ ማረፍ ነበረብኝ።

ጎረቤታችን እትዬ አብሽ በማር አዘዙልኝ። የሥራ ባልደረባዬ የሽፈራው ቅጠል ዱቄት በላስቲክ ቋጥሮ አመጣልኝ፤ ጠዋትና ማታ አንድ አንድ ማንኪያ። ከአሜሪካ የመጣችው የአክስቴ ልጅ ደግሞ ሻንጣዋን ከፍታ አንድ ብልቃጥ ጂንሴንግ ሰጠችኝ። ቡናውንማ ማን ያዝልኛል፤ ራሴው ከሦስት ሲኒ ወደ ስድስት አሳደግሁት። ሁሉንም ወሰድኩ። መቼም ሰው ሲደክመው ለመከራከርም አቅም ያጣል።

የታሪክ መጻሕፍት ማገላበጥ የቆየ ልማዴ ነውና፣ በዚያው ሰሞን ስለምውጣቸው ነገሮች ማንበብ ያዝኩ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ካሰብኩት በላይ ሰፊ ዓለም ገጠመኝ።

ስለ ቡና አጀማመር ስንጠየቅ ሁላችንም የፍየል እረኛውን ካልዲን እንጠራለን። ያ ተረት በጽሑፍ የተገኘው ግን በ1671 ሮም ውስጥ ነበር፤ ጻፊውም ፋውስቶስ ናይሮን የተባለ የሊባኖስ ማሮናዊ ነው። ከእርሱ መቶ ዓመት ቀድሞ አብዱልቃዲር አልጀዚሪ የሚባል ዐረብ ስለ ቡና መጽሐፍ ጽፎ ነበር። በዚያ መጽሐፍ ውስጥ ያለው ታሪክ ፍየልም እረኛም የለበትም፤ የደከመ ሰው ነው ያለበት። በ15ኛው ክፍለ ዘመን የየመኗ የኤደን ወደብ የሃይማኖት ሊቅ የነበረው አልዘብሃኒ ባሕር ተሻግሮ ወደ አጀም ምድር ይሄዳል። አጀም ማለት ዐረብ ያልሆነ ማለት ሲሆን፣ ታሪክ ጸሐፊዎች በዚህ ቦታ የእኛን የአፍሪካ ቀንድ ወገን ነው ይላሉ። እዚያ ሰዎች ቡና ሲጠቀሙ ያያል። ወደ አገሩ ተመልሶ ሲታመም ያ ነገር ትዝ ይለውና ይጠጣል፤ ድካምንና መፍዘዝን እንደሚያባርር፣ ለሰውነትም ቅልጥፍና እንደሚሰጥ ይረዳል። ከዚያ በኋላ የየመን ሱፊዎች ሌሊቱን ቆመው ለሚያደርሱት ጸሎት ያዙት። በ1511 የመካው ሹም ኻኢር በይ ቡና እስኪያስከለክል ድረስ ገንኖ ነበር።

እንግዲህ ቡና በጽሑፍ ታሪክ ውስጥ ሲገባ ለእንግዳ የሚቀርብ መጠጥ ሆኖ አይደለም፤ የድካም መድኃኒት ሆኖ ነው። ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስም በ1790 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉ ተመሳሳይ ነገር ይመሰክራል። የኦሮሞ ዘማቾች ሩቅ መንገድ ሲወጡ ቡናውን ቆልተው፣ ወቅጠው፣ በቅቤ ለውሰው እንደ ቢሊያርድ ድንጋይ ድቡልቡል ያደርጉትና በቆዳ ከረጢት ይይዙታል፤ አንዱ ድቡልቡል የአንድ ቀን ድካም ከዳቦና ከሥጋ በተሻለ ያሸንፋል ይላል። ቅቤው መቼም ምግብ ነው። ቡናው ግን ምግብ አይደለም፤ ሌላ ሥራ ነው የሚሠራው።

የሚሠራውን ለማወቅ ጊዜ ወሰደ። ጀርመናዊው ኬሚስት ሩንጌ በ1819 ካፌይንን ከፍሬው ለይቶ አወጣ፤ ፍሬውን የሰጠው ባለቅኔው ጎተ ነበር። አእምሯችን ሲሠራ ውሎ አዴኖሲን የሚባል ቅመም ይጠራቀምበታል፤ ይህም የመቀበያ በሮቹን እየነካ ደክመሃል፣ ተኛ ይላል። ካፌይን መልኩ ይህንኑ ስለሚመስል ቀድሞ በሮቹ ላይ ይቀመጣል። አዴኖሲኑ ግን የትም አልሄደም፤ ደጅ ቆሞ ተራውን ይጠብቃል። ቡና ጉልበት አይጨምርልንም ማለት ነው። ድካማችን የላከውን መልእክተኛ በር ላይ ያስቆምልናል።

ጫትም ከዚሁ ወገን ነው። በ1332 ከዐፄ ዐምደ ጽዮን ጋር የተዋጋው የኢፋቱ ሰብረዲን ንጉሡ ከተማ መራዴ ላይ ጫት ለመትከል እንደዛተ ዜና መዋዕሉ ያወሳል። ቅጠሉ ውስጥ ያለው ካቲኖን ተለይቶ የታወቀው ግን በ1975 ነው። ለድካሜ እርሱንም ያዘዘልኝ ነበር፤ ያንን እንኳ እምቢ አልኩ።

ከሁሉ የገረመኝ የጂንሴንጉ ታሪክ ነው። በቻይና ንጉሥ በካንግሺ ትእዛዝ የማንቹሪያን ካርታ ያነሣ የነበረው ፈረንሳዊው ኢየሱሳዊ ዣርቱ በ1711 የጻፈው ደብዳቤ አለ። ፈረስ ላይ መቀመጥ እስኪያቅተው ደክሞት ሳለ አንድ የቻይና ሹም ሥሩን ይሰጠዋል፤ ግማሹን በልቶ ከአንድ ሰዓት በኋላ ድካሙ እንዳልነበረ ሆነ። ደብዳቤው አውሮፓ ደርሶ ሲታተም፣ ካናዳ የነበረ ሌላ ኢየሱሳዊ አነበበው፤ ስሙ ላፊቶ ነው (ከእኛ ሠፈር ጋር ዝምድና የለውም)። እርሱም በ1716 ሞሆክ ከሚባሉት የአገሩ ተወላጆች ጋር ሆኖ ሞንትሪያል አጠገብ ካለ ጫካ የዚህን ተክል ዘመድ አገኘ። ወዲያው ነጋዴው እየነቀለ ወደ ቻይና ይልክ ጀመር። አንድ የደከመ ቄስ ግማሽ ሥር በመብላቱ በሌላው ዓለም ጫካ ተራቆተ። ሶቪየቶች ደግሞ በፋንታቸው ከሩቅ ምሥራቅ ጫካቸው ኤሌውተሮኮክ የሚባል ሥር አወጡ፤ ላዛሬቭ የተባለው ሳይንቲስታቸው ከ1947 ጀምሮ ለእንዲህ ዓይነቶቹ ነገሮች አዳፕቶጅን የሚል ስም አውጥቶ ነበርና ተማሪው ብሬክማን በዚሁ ሥር ላይ ሠራበት። ስሙ እስከ ዛሬ በየብልቃጡ ላይ ይነበባል። በእኔም ብልቃጥ ላይ ነበር።

ሽፈራውን ከነዚህ ጋር መደመር ይከብደኛል። ኮንሶዎች ዛፉን በእርከናቸውና በግቢያቸው ተክለው ቅጠሉን እንደ ጎመን ቀቅለው፣ ከማሽላ ድቡልቡል ጋር ኩርኩፋ አድርገው ይበሉታል። እዚያ እራት ነው። አዲስ አበባ ሲደርስ ደርቆ፣ ተፈጭቶ፣ ላዩ ላይ ለስኳር፣ ለደም ግፊት፣ ለድካም፣ ለሁሉም የሚል ወረቀት ተለጠፈበት። የሰውን እራት በማንኪያ ሰፍሮ መድኃኒት ማለት የእኛ የከተሜዎች ፈንታ ነው።

ይህን ሁሉ እያነበብኩ አያቴ ትዝ አሉኝ። መንዝ ሳለን ልጅ ሆኜ ደከመኝ ስላቸው የሚያጠነክር ነገር አይሰጡኝም ነበር፤ መጀመሪያ ጥያቄ ነው የሚቀድመው፤ «ኮሶ ከጠጣህ ስንት ወርህ ነው?» ጥሬ ሥጋ በሚወድ አገር ትሉና መድኃኒቱ አንድ ስም መያዛቸው ያለ ነገር አይደለም። አዋቂው በየሁለት ወሩ ይጠጣ ነበር፤ የኮሶ ዕለት ሥራ የለም፣ እንግዳም አይገባም። ብሩስ ስለዚህም ጽፏል፤ ኮንስታንቲኖፕል ይኖር የነበረ ብራየር የሚባል ፈረንሳዊ ሐኪምም በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ለአውሮፓ አስተዋወቀው። እኛ ግን ሻጯን እንንቅ ነበር። ዐፄ ቴዎድሮስ በወጣትነታቸው «የኮሶ ሻጭ ልጅ» እየተባሉ ተሰድበዋል፤ ተሳዳቢውን ደጃዝማች ወንድይራድን ማርከው ያንኑ ኮሶ አጠጡት ተብሎ ይተረካል። ኮሶን ላሞግሰው አልፈልግም። መጠኑ ሲበዛ ሰው ገድሏል፤ ኪኒኑ ሲመጣ መቅረቱም ደግ ሆነ። ያየሁት ልዩነት ግን ይህ ነው፤ ቡናው ድካሙን ዝም ያሰኛል፣ ኮሶው ድካሙ ከየት መጣ ከሚል ጥያቄ ይነሣል።

ወደ ራሴ ልመለስ። በዘጠነኛው ወር ደረጃው ላይ ዓይኔ ጨልሞ ተቀመጥኩ፤ ሰዎች ደግፈው ወሰዱኝ። ሐኪሟ ወጣት ናት። ምንም ሳትጠይቀኝ የታችኛውን የዓይኔን ቆብ ወደ ታች ሳብ አድርጋ አየች። ከዚያ በኋላ «ሰገራዎት ጠቁሯል?» አለችኝ።

ጠቁሮ ነበር። ካየሁትም ወራት አልፎት ነበር። ነገር ግን ያንን ሁሉ አረንጓዴ ዱቄት እየዋጥኩ ከቅጠሉ ነው ብዬ ትቼው ነበር። ሄሞግሎቢኔ 7 ሆኖ ተገኘ፤ የወንድ ከ13 በላይ መሆን አለበት። ለካስ ለወገቤ ሕመም ያለ ሐኪም ትእዛዝ የምውጠው ማስታገሻ ጨጓራዬን አቁስሎት፣ ቁስሉ ቀስ እያለ ይደማ ኖሯል። ደም ተሰጠኝ፤ ማስታገሻው ተከለከለ፤ ለቁስሉ መድኃኒት፣ ለደሙ የብረት ማዕድን ኪኒን ታዘዘልኝ። ቡናዬን ስነግራት ራሷን ነቀነቀች፤ ከምግብ ጋር ወይም ወዲያው በላዩ የሚጠጣ ቡናም ሻይም አንጀት ብረቱን እንዳይቀበል ያደርጋል። በጉልበት ስም ስድስት ሲኒ የምጠጣው ሁልጊዜ ከምሳና ከቁርስ በላይ ነበር።

ቅጠሉ አልጎዳኝም፤ ጂንሴንጉም እንዲሁ። ዘጠኝ ወር ግን ወስደውብኛል፤ በዚያ ሁሉ ጊዜ ደሜ ይፈስ ነበር። ሐኪሟ ሌላ ሁለት ሳምንት ብትቆይ ኖሮ ስትል ጀመረችና ዓረፍተ ነገሩን ሳትጨርሰው ወረቀቷ ላይ አቀረቀረች።

አሁን ደረጃውን ሳላርፍ እወጣለሁ። ቡናዬን ከምግብ አርቄ እጠጣለሁ፤ ሁለት ሲኒ። የተረፈውን ሽፈራው ባለቤቴ ጎመን ውስጥ ጨመረችው፤ ጣዕሙ ደግ ነው። ባለፈው ሳምንት ያ ባልደረባዬ ደረጃው መካከል ቆሞ ሲያርፍ አገኘሁት። ሰሞኑን ይደክመኛል አለኝና ከኪሱ የዱቄቱን ቋጠሮ አውጥቶ አሳየኝ። የዓይንህን ቆብ እስቲ ልየው ብዬ እጄን ብዘረጋ፣ አብደሃል እንዴ ብሎ ሳቀብኝ።