ካርዱ በምን ቋንቋ ይናገራል?

አንድ አሮጌ ኮምፒውተር አዲስ ሃርድ ዲስክ አልቀበልም ሲል መጀመሪያ የሚጠረጠረው ሽቦ ነው። ገመዱ ይቀየራል፣ ካርዱ ወጥቶ የሚሰካበት ጠርዝ በላጲስ ይጠረጋል፣ ሌላ ቦታ ላይ ተሰክቶ ይሞከራል። አንዳንዴ በእርግጥ ይሠራል። ከተለመደው ፒሲ ውጪ ባሉት ማሽኖች ግን፣ ማለትም በድሮዎቹ ማኪንቶሾች፣ በሰን ኩባንያ ዎርክስቴሽኖች፣ በዴክ አልፋዎች ላይ፣ ብዙ ጊዜ ነገሩ ሌላ ነው። ካርዱም ደህና ነው፣ ማሽኑም ደህና ነው፤ ሁለቱ ግን አይግባቡም። ለምን እንደማይግባቡ ለማወቅ ወደ ኋላ መሄድ ያስፈልጋል። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በ1981 የወጣው የመጀመሪያው አይቢኤም ፒሲ ሲሠራ ሃርድ ዲስክ አልታሰበለትም ነበር። ፍሎፒ ነበረው፤ ካሴት ቴፕ የሚሰካበት ቀዳዳም ነበረው። ኮምፒውተሩ ሲበራ ከሁሉ ቀድሞ የሚነሳው ትንሽ ፕሮግራም፣ ባዮስ የምንለው፣ ስለ ሃርድ ዲስክ ምንም አያውቅም። ታዲያ የዲስክ ካርድ ተሰክቶ ማሽኑ ከዚያ ዲስክ እንዲነሳ ከተፈለገ ባዮሱን ማን ያስተምረው? ኦክቶበር 1982 የሚል ቀን የተጻፈበት የባዮስ እትም መልሱን ይዞ መጣ፤ ካርዱ ራሱ ያስተምረው። እያንዳንዱ ካርድ የራሱን ፕሮግራም በሮም ቺፕ ላይ ይዞ ይመጣል። ባዮሱ ሲነሳ በተወሰነ የሜሞሪ ክልል ውስጥ በየ2 ኪሎባይቱ በር እያንኳኳ ይሄዳል። አንዱ በር ላይ 85 እና 170 የሚሉ ሁለት ቁጥሮች ተከታትለው ካገኘ፣ የባይቶቹን ድምር አጣርቶ እዚያ ያለውን ፕሮግራም ያስኬደዋል። ፕሮግራሙም «ከአሁን ወዲያ ስለ ዲስክ የሚጠይቅ ካለ ወደ እኔ ላኩት» ብሎ ራሱን ያስመዘግባል። በ1983 የወጣው ፒሲ ኤክስቲ ከ10 ሜጋባይት ዲስኩ ይነሳ የነበረው በዚህ መንገድ ነው። ከዚያ እትም በፊት የተሸጡት ፒሲዎች ደግሞ ባዮስ ቺፓቸው ካልተቀየረ በስተቀር ካርዱ ቢሰካባቸውም ከዲስክ አይነሱም ነበር። የካርድ አለመግባባት እንግዲህ ከፒሲው ጋር እኩያ ነው ማለት ይቻላል።

ዘዴው ብልሃት ያለበት ነው። አንድ ችግር ግን በሆዱ ይዟል። ካርዱ ላይ ያለው ፕሮግራም የተጻፈው በኢንቴል ፕሮሰሰር ትእዛዞች ነው። ፕሮሰሰሩ ሌላ ከሆነ ያ ሮም ትርጉም የሌለው የቁጥር ክምር ነው፤ በቃ።

ሰን ማይክሮሲስተምስ ውስጥ ይሠራ የነበረው ሚች ብራድሊ ለዚህ የተለየ መልስ አመጣ። መነሻው ፎርዝ የሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ ነው። ፎርዝን የፈጠረው ቻርልስ ሙር ሲሆን፣ በ1970ዎቹ መጀመሪያ አሪዞና ውስጥ ኪት ፒክ ላይ ያለ የሬዲዮ ቴሌስኮፕ ይመራበት ነበር። በጣም ትንሽ ቋንቋ ነው፤ ጥቂት ኪሎባይት ላይ ይቀመጣል። የብራድሊ ሐሳብ ካርዱ ላይ የሚጻፈው ፕሮግራም የየትኛውም ፕሮሰሰር ትእዛዝ እንዳይሆን ነው። ፎርዙ ወደ አጫጭር ኮዶች ይለወጣል፣ ኤፍኮድ ይባላል፣ ማሽኑም ሲነሳ ኮዶቹን እያነበበ በራሱ ፕሮሰሰር ይፈጽማቸዋል። በ1989 የወጣው ስፓርክስቴሽን 1 ይህንን ይዞ ነበር። በ1994 ደግሞ አይትሪፕልኢ 1275 የሚል ቁጥር ያለው መስፈርት ሆነ፤ ስሙም ኦፕን ፈርምዌር። አፕል ከ1995ቱ ፓወር ማኪንቶሽ 9500 ጀምሮ ፒሲአይ ካርድ በሚቀበሉ ማኮቹ ላይ ተጠቀመበት።

እዚህ ላይ ሁሉም ነገር መስተካከል ነበረበት። የፒሲአይ ደንብ አንድ ሮም ውስጥ ከአንድ በላይ ፕሮግራም ማስቀመጥ ይፈቅዳል። እያንዳንዱ ፕሮግራም ግንባሩ ላይ ቁጥር አለው፤ 0 ለኢንቴል ፒሲ፣ 1 ለኦፕን ፈርምዌር። ቦታው ተዘጋጅቷል። የሚሞላው ግን ጠፋ። የካርድ አምራቹ ስሌት ቀላል ነው፤ ገዢዎቹ በአብዛኛው ፒሲ ያላቸው ናቸው፣ ፎርዝ የሚያውቅ መሐንዲስ ደሞዝ ይፈልጋል፣ ሰፋ ያለ ሮም ቺፕም ዋጋ ይጨምራል። በእኔ ግምት አብዛኛው «አይሠራም» የሚባል ካርድ ታሪኩ ይኸው ነው። ማንም አልከለከለውም፤ ልጻፍለት ያለ ሰው ብቻ ጠፋ። አማርኛ ፊደል በስልክና በኮምፒውተር እስኪገባ የጠበቀ ሰው ይህ ስሌት አዲስ አይሆንበትም።

ችግሩ ሲያጋጥም እንዴት ይለያል? ምሳሌ ልስጥ። ሲሊከን ኢሜጅ 3112 የሚባለው ቺፕ ያለበት ርካሽ የሳታ ካርድ አንድ ፓወር ማክ ጂ4 ላይ ተሰክቷል እንበል። ማኩ ከዚያ ዲስክ አይነሳም። ሊኑክስ ከሌላ ዲስክ ሲነሳ ግን ካርዱም ዲስኩም ይታያሉ፣ ፋይል ይነበባል ይጻፋል። ይህ ብቻውን ብዙ ይናገራል፤ ሽቦው ጤነኛ ነው፣ የጎደለው ከኦፕሬቲንግ ሲስተሙ በፊት ያለው ደረጃ ነው። ማረጋገጥ ለሚፈልግ ማኩን ሲያበራ ኮማንድ፣ ኦፕሽን፣ ኦ እና ኤፍን አንድ ላይ ይዞ ይቆያል። ነጭ ገጽ ይመጣል። እዚያ ኦፕን ፈርምዌር ያገኛቸውን ዕቃዎች ሁሉ እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ ይዘረዝራል። ኤፍኮድ ያለው ካርድ በስሙ ይገባል፣ ዲስክ የሚያያዝበት ንዑስ ቅርንጫፍም ይዘረጋል። የሌለው ግን «ፒሲአይ1095፣3112» ተብሎ ይቀመጣል። 1095 የአምራቹ ቁጥር ነው፣ 3112 የቺፑ። ስም የለውም፣ ሥራውን የሚያስረዳለትም የለም። እዚያ ደረጃ ላይ ገመድ መቀየር ልፋት ብቻ ነው።

መፍትሔው የማክ ፕሮግራሙን በካርዱ ሮም ላይ መጻፍ ነው። ብዙዎች እንዲህ አድርገው ርካሹን የፒሲ ካርድ የማክ ካርድ አድርገውታል። ግን የአንዳንዱ ካርድ ቺፕ ጠባብ ነው፤ የአንዳንዱን ደግሞ መጻፊያው ሶፍትዌር አያውቀውም። ያን ጊዜ ቺፑን በብየዳ አውጥቶ ሌላ መተካት ይመጣል። ሊኑክስ ለሚጠቀም ቀለል ያለ መንገድ አለ፤ ከርነሉን ፈርምዌሩ በሚያውቀው ትንሽ ዲስክ ላይ ማስቀመጥና ሌላውን ሁሉ ካርዱ ላይ ባለው ዲስክ መተው።

ሁሉም ጥፋት የቋንቋ አይደለም እርግጥ። በጃንዋሪ 1999 የወጣው ሰማያዊና ነጩ ፓወር ማክ ጂ3 የመጀመሪያ እትሙ ላይ ያለው የአይዲኢ ቺፕ ከአዳዲስ ፈጣን ዲስኮች ጋር ሲሠራ ፋይል ያበላሽ ነበር። ይህ ከአለመነሳት የከፋ ነው፤ ማሽኑ ይነሳል፣ ይሠራል፣ ፋይሉ ግን ውስጥ ውስጡን ይበላሻል። ከ2002 በፊት የወጡት ማኮች በአብዛኛው ደግሞ የዲስክ ክፍልፋዮችን በ28 ቢት ስለሚቆጥሩ ከ137 ቢሊዮን ባይት በላይ ማየት አይችሉም። ለሁለቱም ሰዎች የያዙት መድኃኒት አንድ ነው፤ የማሽኑን አይዲኢ ትቶ የራሱ ፈርምዌር ያለው ካርድ መሰካት። ያ ካርድ ማግኘት ደግሞ መልሶ ወደ ፎርዙ ጥያቄ ይወስዳል።

ዴክ ለአልፋ ማሽኖቹ የሄደበት መንገድ ያስቀኛል። የማሳያ ካርዶች ሁሉ የኢንቴል ሮም ይዘው ስለሚመጡ፣ የአልፋ ፈርምዌር ውስጥ ኢንቴል ፕሮሰሰርን የሚያስመስል ትንሽ ፕሮግራም ተጨመረ። አልፋው ራሱን ኢንቴል አስመስሎ ካርዱን ያስነሳዋል። ለዲስክ ካርድ ግን ይህ ደግነት አልነበረም። ፈርምዌሩ የሚያውቃቸው እንደ ኪውሎጂክና ሲምቢዮስ ያሉ ጥቂት ቺፖች ነበሩ፤ ከእነሱ ውጪ የሆነ ካርድ ይዞ የመጣ ከዚያ መነሳት አይችልም።

አፕል በ2006 ወደ ኢንቴል ሲዞር ኦፕን ፈርምዌርን ተወው። ብራድሊ ግን ለኦኤልፒሲ የልጆች ላፕቶፕ አዘጋጀው፤ ያ አረንጓዴና ነጭ ላፕቶፕ በሺዎች ሆኖ ኢትዮጵያም ገብቷል። ዕቃዎችን እንደ ዛፍ መዘርዘሩ ደግሞ በሊኑክስ በኩል አልፎ ዛሬ አብዛኛው የአንድሮይድ ስልክ ውስጥ አለ። የቀረው ኤፍኮዱ ነው። የተተካው ኢኤፍአይም ለየትኛውም ፕሮሰሰር የሚሆን የራሱ ኮድ ተሰጥቶት ነበር፤ የካርድ አምራቾች ግን እሱንም ትተው የኢንቴሉን ብቻ መጻፍ ቀጠሉ። ስለዚህ ዛሬ አርም ፕሮሰሰር ባላቸው ሰርቨሮች ላይ የሚሠሩ ሰዎች ፈርምዌሩ ውስጥ ኢንቴልን የሚያስመስል ፕሮግራም ጨምረዋል። በዚህኛው ላይ የዲስክ ካርዶችም ይነሳሉ።