የጦር አውሮፕላን ጌሞች ታሪክ ያስተምራሉ ወይ?

አንዳንድ ተማሪዎቼ «ቲቸር፣ ሁለተኛውን የዓለም ጦርነት ከዋር ተንደር ነው የተማርነው» ይሉኛል። እስቲ እናወዳድር (ዓመቶቹ እ.ኤ.አ. ናቸው)።

በ1980ዎቹ መጨረሻ ኤር ዋሪየር በስልክ መስመር፣ በሰዓት እየተከፈለ ይገባበት ነበር። ተጫዋቹ የሚሰለፈው ለጀርመን ወይም ለእንግሊዝ ሳይሆን ከሦስት የፈጠራ አገሮች ለአንዱ ነው። አውሮፕላኑ የታሪክ፣ ጦርነቱ የፈጠራ!

በ2001 የወጣው ኢል-2 ስቱርሞቪክ ስሙን ያገኘው ከ36,000 በላይ ከተመረተው የሶቪየት አውሮፕላን ነው። ከክፍል ውስጥ ቶሎ የምናልፈውን የምሥራቁን ግንባር ከአብራሪው ወንበር አሳየን።

ዲሲኤስ ደግሞ ማሽኑን ያስተምራል። እንደ እውነተኛ አብራሪ ልነሳ ካላችሁ ሞተር ማስነሳቱ ራሱ ትምህርት ነው።

ዋር ተንደር (2012) በነፃ ስለሚጀመር ብዙ ሰው ሰብስቧል። በአርኬድ ውጊያው ግን የጀርመን ሜሰርሽሚትና የሶቪየት ያክ በአንድ ቡድን ሊሰለፉ ይችላሉ። ዞረን ዞረን የፈጠራ አገር ገባን ማለት ነው።

ለታሪክ ከሆነ እኔ ኢል-2ን እመርጣለሁ። ግን በሁሉም ጌም፣ ተመትታችሁ ብትወድቁ ወዲያው ሌላ አውሮፕላን ታገኛላችሁ። በ1942 የወደቀው የሃያ ዓመት ልጅ ግን እናቱ ቤት አልተመለሰም። ስለዚህ ተጫወቱ፤ «ለምን ተዋጉ?» የሚለውን ግን መጽሐፍ ገልጣችሁ ፈልጉ።

እናንተስ የቱን ትመርጣላችሁ?