ቃሉን አወቃችሁት፤ ነገሩንስ?

እስቲ በአንድ ጥያቄ እንጀምር። «ኢትዮጵያዊት ልዕልት፣ አራት ፊደል።» ማን ናት?

«ዘውዲቱ» ካላችሁ አልተሳሳታችሁም። የዳግማዊ ምኒልክ ልጅ ናቸው፤ ፊደሎቹንም ብትቆጥሩ ልክ አራት ናቸው። ችግሩ ጥያቄው የእኛ አለመሆኑ ነው። ይህ በአሜሪካ ጋዜጦች በሚወጣው መስቀለኛ ቃላት፣ ብዙዎቻችን ክሮስወርድ በምንለው ጨዋታ ላይ ሲመላለስ የኖረ ዓይነት ፍንጭ ነው። እዚያ የሚጠበቀው መልስ በላቲን ፊደል ሲጻፍ አራት ፊደል ያላት «አይዳ» ናት። አይዳ ደግሞ በሕይወት የኖረች ሰው አይደለችም። ጣሊያናዊው ጁሴፔ ቬርዲ የደረሰው፣ እ.ኤ.አ. በ1871 ካይሮ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው ኦፔራ ገጸ ባሕርይ ናት።

ታዲያ ከእውነተኞቹ ልዕልቶች ይልቅ እሷ ለምን ተመረጠች? ምክንያቱ ታሪክ ሳይሆን አናባቢ ነው። በአሜሪካው ክሮስወርድ እያንዳንዱ ሳጥን የሁለት ቃላት ነው፤ ወደ ጎን የሚነበብ ቃል አለ፣ ወደ ታች የሚነበብ ቃልም አለ። ሁለቱ በአንድ ፊደል መስማማት አለባቸው። ስለዚህ አዘጋጆቹ አናባቢ የበዛባቸው አጫጭር ቃላት ይወዳሉ። «አይዳ» በላቲን ከአራት ፊደሏ ሦስቱ አናባቢ ናቸው። በሲሲሊ ደሴት ያለው እሳተ ገሞራ ኤትናም፣ ኦቦ የተባለው የትንፋሽ መሣሪያም በዚሁ ምክንያት በየጊዜው ብቅ ይላሉ። የእኛው «ራስ» የሚለው ማዕረግም በላቲን ሦስት ፊደል ብቻ ስለሆነ «የኢትዮጵያ ልዑል» በሚል ፍንጭ ሲጠየቅ ኖሯል።

እንግዲህ በየቀኑ ክሮስወርድ የሚሞላ አንድ አሜሪካዊ አስቡ። «ራስ» የሚለውን ቃል ያውቀዋል። ራስ አሉላ ማን እንደነበሩ ግን ላያውቅ ይችላል። ቃሉ እጁ ገብቷል፤ ነገሩ አልገባም። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ምን ያህል እንደሆነ ለማየት የዚህን ጨዋታ ታሪክ እንከተል። አንድ ጊዜ ርቀቱ የጦርነት ምስጢር እስከማሳጣት ሊደርስ ነበርና።

ከጨዋታ ገጽ እስከ ጦርነት

ክሮስወርድ የተወለደው እሑድ ዲሴምበር 21 ቀን 1913 ነው። በእኛ አቆጣጠር ታኅሣሥ 12 ቀን 1906 ዓ.ም. መሆኑ ነው፤ አፄ ምኒልክ ካረፉ ገና ዘጠኝ ቀናቸው ነበር። ኒው ዮርክ ወርልድ በሚባል ጋዜጣ ላይ የጨዋታ ገጽ የሚያዘጋጅ አርተር ዊን የተባለ ከሊቨርፑል የሄደ እንግሊዛዊ፣ መሐሉ ክፍት የሆነ የአልማዝ ቅርጽ ሠርቶ በሳጥን ከፋፈለው። ስሙንም «ወርድክሮስ» አለው። ብዙም ሳይቆይ ስሙ ተገልብጦ «ክሮስወርድ» ሆነና እስከ ዛሬ በዚያው ቀረ።

በ1924 ሳይመንና ሹስተር የተባሉ ሁለት ወጣቶች አዲስ ማተሚያ ድርጅት ሲከፍቱ መጀመሪያ ያሳተሙት መጽሐፍ የክሮስወርድ ስብስብ ነበር። ከመጽሐፉ ጋር እርሳስ አያይዘው ሸጡት። አገሩ በሙሉ አበደ ማለት ይቻላል። በዚያው ዓመት ኒው ዮርክ ታይምስ ጋዜጣ ነገሩን እንደ ጊዜያዊ እብደትና እንደ ጊዜ ማባከን ቆጥሮ ተሳለቀበት።

ሳቁ ግን አልዘለቀም። ጃፓን በዲሴምበር 1941 ፐርል ሃርበርን ስትደበድብና አሜሪካ ጦርነት ስትገባ፣ የጋዜጣው አዘጋጆች አንባቢው በጨለማው ጊዜ ሐሳቡን የሚያሳርፍበት ነገር እንደሚያስፈልገው ተነጋገሩ። ፌብሩዋሪ 15 ቀን 1942 ኒው ዮርክ ታይምስ የራሱን ክሮስወርድ አወጣ። አዘጋጅዋ ማርጋሬት ፋራር ነበረች፤ የ1924ቱን መጽሐፍ ካዘጋጁት ሦስት ሰዎች አንዷ።

አሥራ ሁለት ደቂቃ

በዚያው ክረምት በለንደን ሌላ ነገር እየሆነ ነበር። የዴይሊ ቴሌግራፍ ክሮስወርድ በጣም ቀላል ነው የሚሉ ሰዎች ተነሡ። ጋዜጣውም «በ12 ደቂቃ የሚጨርስ ካለ ይምጣ!» ብሎ በጃንዋሪ 1942 ቢሮው ድረስ ጠራቸው። ከሁሉ ቀድሞ የጨረሰው ሰው አንድ ቃል አሳስቶ በመጻፉ ተሰረዘ። ስታንሊ ሴጅዊክ የሚባል ተወዳዳሪ ደግሞ አንድ ቃል ብቻ ሲቀረው ደወሉ ተደወለ።

ጥቂት ሳምንታት አለፉ። ከተወዳዳሪዎቹ አንዳንዶቹ ከመንግሥት ደብዳቤ ደረሳቸው፤ ለአገር የሚጠቅም ጉዳይ አለና ኑ የሚል። ሴጅዊክ የተወሰደው ወደ ብሌችሊ ፓርክ ነው፤ የጀርመን ምስጢራዊ መልእክቶች ወደሚፈቱበት ቦታ። እዚያም የጀርመኖችን የአየር ሁኔታ መልእክቶች ኮድ በመፍታት ሥራ ላይ ተሰማራ።

ግን ለምን ክሮስወርድ የሚሞሉ ሰዎች? አዳዲስ ቃላት ስለሚያውቁ አይደለም። ኤኒግማ የተባለውን የጀርመን የምስጢር መጻፊያ መሣሪያ ብቻ እንውሰድ። አንድ ድክመት ነበረው፦ የትኛውንም ፊደል ወደራሱ አይለውጥም፤ «ሀ» ተጽፎ በምስጢሩ ውስጥ «ሀ» ሆኖ አይወጣም እንደማለት ነው። ፈቺዎቹ መልእክቱ ውስጥ ይኖራል ብለው የጠረጠሩትን ቃል፣ ለምሳሌ ጀርመኖች የአየር ሁኔታን የሚጠሩበትን «ቬተር»ን፣ በምስጢሩ ጽሑፍ ሥር ያስቀምጡና ቦታውን አንድ በአንድ ያንሸራትቱታል። አንድ ፊደል ከራሱ ጋር ከተገጣጠመ ያ ቦታ ውድቅ ነው። በዚህ መንገድ የማይሆነው እየተጣለ የሚሆነው ይቀራል።

ይህ ክሮስወርድ የሚሞላ ሰው በየቀኑ የሚሠራው ሥራ ነው። ግምት ይጽፋል፤ የሚያቋርጠው ቃል እምቢ ካለ ደግሞ ሳይራራ ይሰርዘዋል። ከእኛ እንቆቅልሽ ጋር ያለውን ልዩነት ልብ በሉ። «እንቆቅልህ!» «ምን አውቅልህ?» ስንባባል መልሱ ያለው ጠያቂው እጅ ነው፤ ካቃተን አገር ሰጥተን እንሰማለን። በክሮስወርድ ግን ትክክል መሆን አለመሆናችንን የሚነግረን ሌላው ቃል ነው።

የተማሪው ደብተር

አሁን ወደ ሜይ 1944 እንሂድ። ተባባሪዎቹ አገሮች ጀርመን ወደያዘችው የፈረንሳይ ጠረፍ፣ ወደ ኖርማንዲ፣ ሠራዊት ሊያወርዱ ነው። ቀኑና ቦታው ከታወቀ የሚያልቀው ሰው ብዙ ነው። በዚያ ወር የዴይሊ ቴሌግራፍ ክሮስወርድ መልሶች እንዲህ ነበሩ፦ ሜይ 2 «ዩታ»፣ ሜይ 22 «ኦማሃ»፣ ሜይ 27 «ኦቨርሎርድ»፣ ሜይ 30 «መልቤሪ»፣ ጁን 1 «ኔፕቱን»።

ዩታና ኦማሃ የአሜሪካ ወታደሮች የሚወርዱባቸው የሁለት ባሕር ዳርቻዎች ምስጢራዊ ስም ናቸው። ኦቨርሎርድ የጠቅላላው ዘመቻ፣ መልቤሪ እየተጎተቱ ባሕር የሚሻገሩት ሰው ሠራሽ ወደቦች፣ ኔፕቱን ደግሞ የባሕር ኃይሉ ክፍል ስም ነው። ሠራዊቱ የወረደው ጁን 6 ነው።

የአገር ውስጥ ደኅንነት ሰዎች ወደ አዘጋጁ ዘንድ ሄዱ። አዘጋጁ ሊዮናርድ ዶው ሰላይ ሳይሆን የትምህርት ቤት ርእሰ መምህር ነበር። ትምህርት ቤቱ ከለንደን የቦምብ ድብደባ ሸሽቶ ኤፊንግሃም ወደሚባል መንደር ተዛውሯል። ዶው ተጠየቀ፣ ተመረመረ፤ ቃላቱ እንዲሁ የመጡ ናቸው አለ። በመጨረሻም ተለቀቀ።

ከ40 ዓመት በኋላ፣ በ1984፣ ሮናልድ ፍሬንች የተባለ የቀድሞ ተማሪው ብቅ አለ። እሱ እንደተናገረው፣ ዶው ተማሪዎቹን ባዶ ሳጥኖች በቃላት እንዲሞሉ ያደርግ ነበር፤ ፍንጩን በኋላ ራሱ ይጽፍላቸዋል። በ1944 ፍሬንች የ14 ዓመት ልጅ ነው። በአቅራቢያው ከሰፈሩት ወታደሮች ጋር እየዋለ የሰማቸውን ቃላት በደብተሩ ይጽፋል፤ ከዚያም ሳጥኑ ውስጥ ያስገባቸዋል። ዶው ነገሩን ሲያውቅ ደብተሩን አቃጥል አለው፤ ለማንም እንዳይናገርም አስማለው።

ልጁ ቃላቱን ሲያስገባ ለጆሮው የጣሙ ስሞች ብቻ ነበሩ። ከአምስቱ ቃላት ጀርባ የስንት ሰው ሕይወት እንዳለ አላሰበም። መምህሩም አያውቅም። በየቤቱ ቁርስ እየበላ የሞላው አንባቢም እንደዚያው።

ይሄ ታሪክ እውነት ነው ወይ? እዚህ ላይ እናንተም እንደ ታሪክ ተመራማሪ አስቡ። ዩታ የአሜሪካ ግዛት፣ ኦማሃም የታወቀ ከተማ ስለሆኑ ክሮስወርድ ላይ መውጣታቸው ብቻውን አያስገርምም። በአንድ ጨዋታ 30 ያህል ቃላት ካሉና በሳምንት ስድስት ቀን ከወጣ፣ በዓመት ከ9,000 በላይ ቃላት ይሆናሉ፤ በዚህ ሁሉ መካከል አጋጣሚ ይኖራል። ነገር ግን ሦስቱ በስድስት ቀን ውስጥ ተከታትለው ሲወጡ አጋጣሚ ነው ብሎ ማለፍ ይከብዳል። የፍሬንች ምስክርነት ይህን ክፍተት በደንብ ይሞላል። ሆኖም ደብተሩ የለም፤ ዶውም በ1963 ሞቷል። ማለትም ቃሉን የሚያቋርጥ ሌላ ቃል አላገኘንም። ስለዚህ በእርሳስ እንጽፈዋለን እንጂ በእስክሪብቶ አይደለም።

ወደ ራሳችን ፊደል

አሁን ወረቀት አውጡ። «ሰላም» ብላችሁ ወደ ጎን ጻፉ። ከመካከለኛዋ «ላ» ተነሥታችሁ ወደ ታች «ላሊበላ» በሉ። ገጠመ። «ለምለም»ን ብትሞክሩ ግን አይገጥምም፤ «ለ» እና «ላ» በላቲን ጽሑፍ አንድ ተነባቢ ይጋራሉ፣ በእኛ ግን የተለያዩ ፊደሎች ናቸው። 33ቱ ፊደላት እያንዳንዳቸው ሰባት መልክ ስላላቸው፣ ዲቃሎቹን ሳንጨምር 231 ይሆናሉ። «ፀሐይ»ን አንዱ በ«ፀ» ሌላው በ«ጸ» ሲጽፈው ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። የአማርኛ ክሮስወርድ አዘጋጅ ሥራው ቀላል እንዳይመስላችሁ!

በመጨረሻም የመጀመሪያዋን ጥያቄ በራሳችን ፊደል እንሙላት። «ዘውዲቱ»ን ወደ ጎን፣ በ«ዲ» በኩል «አዲስ»ን ወደ ታች። ሳጥኑ ሞላ፤ እዚህ ጋ ግን እርሳሱን አታስቀምጡ። ንግሥተ ነገሥታት ሆነው የገዙት ከመቼ እስከ መቼ ነው? እ.ኤ.አ. ከ1916 እስከ 1930። ኢትዮጵያ የመንግሥታቱ ማኅበር አባል ስትሆን ዘውዱ ላይ ማን ነበር? እሳቸው፤ ዓመቱ 1923 ነው። አልጋ ወራሹስ? ራስ ተፈሪ። አያችሁ፣ አሜሪካዊው ሦስት ሳጥን ውስጥ የሞላው «ራስ» ተመልሶ መጣ፤ አሁን ግን ስምና ዘመን ይዞ ነው። ነገ የምትሞሉትን ቃል ሁሉ እንደዚህ አንድ ጥያቄ ጨምሩበት።