ከመገናኘት ወደ መግባባት
የኮሙኒኬሽን ጥናት ወደ ዩኒቨርሲቲ የገባበት ታሪክ

የአማርኛ ቋንቋ ለመገናኘትና ለመግባባት ሁለት የተለያዩ ቃላት አሉት። ሁለት ሰዎች በቴሌፎን ሽቦ ወይም በሬዲዮ ሞገድ ሊገናኙ ይችላሉ፤ መግባባታቸው ግን ሌላ ጉዳይ ነው። እንግሊዝኛ ሁለቱንም ጠቅልሎ «ኮሙኒኬሽን» ይላቸዋል። በ20ኛው መቶ ዓመት በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ተቋቁሞ ወደ ሌላው ዓለም የተስፋፋው የኮሙኒኬሽን ትምህርት ከገጠሙት ችግሮች ዋናው ከዚሁ የአንድ ቃል ሁለት ትርጉም የመነጨ ነው ቢባል ብዙ ማጋነን አይሆንም። ይህ ታሪክ ለመሐንዲሶች እንግዳ ሊሆን አይገባም፤ ትምህርቱ ለረጅም ጊዜ የተመራበትን ሥዕል የሠራው የቴሌፎን ኩባንያ መሐንዲስ ነበርና። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጥናቱ ራሱ ግን ከመሐንዲሶች አልጀመረም። የንግግር ጥበብ በጥንቱ የግሪክና የሮም ትምህርት ውስጥ የከበረ ስፍራ ነበረው። በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ግን በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ የእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ ክፍል ጥገኛ ሆኖ ይኖር ነበር። በ1914 አሥራ ሰባት የንግግር መምህራን ከእንግሊዝኛ መምህራን ማኅበር ተለይተው የራሳቸውን ማኅበር መሠረቱ። ሙግታቸው ቀላል ነበር፤ የተጻፈን ነገር ማንበብ አንድ ሙያ ነው፣ ሰው ፊት ቆሞ መናገርና ማሳመን ደግሞ ሌላ ሙያ ነው የሚል ነበር። ከዚሁ የንግግር ትምህርት ጎን በ1925 ሌላ ሙያ ራሱን ችሎ ማኅበር አቋቋመ፤ ይኸውም የመንተባተብና የመሰል እክሎች ሕክምና ነው። ጋዜጠኝነት ደግሞ በ1908 በሚዙሪ፣ በ1912 በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የራሱን ትምህርት ቤት አግኝቶ ነበር። እነዚህ ሁሉ አንድ ትምህርት ናቸው ብሎ ያሰበ ሰው በዚያን ጊዜ እምብዛም አልነበረም።

ነገሩን የለወጡት ጦርነትና ሬዲዮ ናቸው። ሃሮልድ ላስዌል የአንደኛውን የዓለም ጦርነት ፕሮፓጋንዳ የመረመረበትን መጽሐፍ በ1927 አሳተመ። ከቪየና የመጣውና በትምህርቱ የሒሳብ ሊቅ የነበረው ፖል ላዛርስፌልድ ደግሞ በ1940 የአሜሪካ ምርጫ ዘመቻ ወቅት በኦሃዮ ግዛት በኢሪ አውራጃ 600 ያህል መራጮችን በየወሩ እያስጠየቀ አሳባቸው እንዴት እንደሚለዋወጥ ተከታተለ። ብዙዎች የጠበቁት ሬዲዮና ጋዜጣ ሕዝቡን እንደ ሸክላ ጭቃ ሲቀርጹት ለማየት ነበር። የተገኘው ውጤት ግን ይህን የሚያፈርስ ሆነ፤ ብዙ ሰው አሳቡን የሚለውጠው ከሬዲዮ በሰማው ሳይሆን ከጎረቤቱ፣ ከሥራ ባልደረባው ወይም ከዘመዱ በሰማው ነበር። የላዛርስፌልድ የሥራ ጓደኛ የነበረው ፍራንክ ስታንተን በሥነ ልቡና ዶክትሬቱን ይዞ ሲ.ቢ.ኤስ. በተባለው የሬዲዮ ኩባንያ በአጥኚነት ተቀጠረና በ1946 የኩባንያው ፕሬዚዳንት ሆነ። ይህ ጥናት ከማስተማር ሌላ እንጀራ እንደሚያስገኝ ለማሳየት ከዚህ የበለጠ ምስክር አያስፈልግም ነበር።

የተበታተነውን ሰብስቦ በአንድ ስም የጠራው ዊልበር ሽራም ነው። ሽራም ከልጅነቱ ጀምሮ ክፉኛ ይንተባተብ ነበር፤ አንድ ቃል ለማውጣት ምን ያህል ድካም እንደሚጠይቅ የሚያውቅ ሰው የሰውን ልጅ መግባባት የዕድሜ ልክ ጥናቱ ቢያደርገው አያስገርምም። በአይዋ ዩኒቨርሲቲ በእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ ዶክትሬቱን አገኘ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በዋሺንግተን በመንግሥት የማስታወቂያ ሥራ ከቆየ በኋላ በ1943 ወደ አይዋ ተመልሶ የጋዜጠኝነት ትምህርት ቤቱን ያዘ። በ1947 በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ የኮሙኒኬሽን ምርምር ተቋም መሠረተ፤ በ1955 ወደ ስታንፎርድ ተዛወረ። የዩኒቨርሲቲው ማተሚያ ቤት በ1949 አንዲት ቀጭን መጽሐፍ ያሳተመው እሱ በኢሊኖይ ሳለ ነው።

መጽሐፏ የመሐንዲሱ የክሎድ ሻነን ናት። ሻነን የቤል ቴሌፎን ላቦራቶሪ ባልደረባ ሲሆን፣ በ1948 በኩባንያው የቴክኒክ መጽሔት በሁለት ክፍል ያወጣው ጥናት የዘመናዊው የመረጃ ቴክኒክ ሁሉ መሠረት ሆኗል። ዕድሜው ገና 32 ዓመት ነበር። በሥዕሉ የመልእክት ምንጭ፣ አስተላላፊ፣ መስመር፣ ተቀባይና መድረሻ በተርታ ይታያሉ፤ በመስመሩ ላይ ደግሞ ጫጫታ ይገባል። ጥያቄው በአንዱ ጫፍ የተመረጠ መልእክት ጫጫታውን አልፎ በሌላው ጫፍ ሳይዛባ እንዴት ሊወጣ ይችላል የሚል ነው። ሻነን ተራ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ግማሽ ያህሉ ትርፍ መሆኑን አስልቶ አሳየ፤ ትርፉ ግን ከንቱ አይደለም፣ የጎደለውን እንድንሞላ የሚያስችለን እሱ ነውና።

በጥናቱ መግቢያ ላይ ግን ሻነን አንድ ነገር በግልጽ አስቀምጧል፤ የመልእክቱ ትርጉም ለምሕንድስናው ጥያቄ አግባብ የለውም። ሽቦው የፍቅር ደብዳቤም ሆነ የእህል ዋጋ ቢያስተላልፍ ስሌቱ አንድ ነው። ይህ የእውቀት ጉድለት አልነበረም፤ ጥያቄውን ሊፈታ በሚችል መጠን የወሰነ የጥሩ መሐንዲስ ሥራ ነበር። ለመጽሐፏ ማብራሪያ የጻፈው ዋረን ዊቨር ግን ሰፋ አድርጎ ሦስት ደረጃዎችን ዘረዘረ። አንደኛው ምልክቱ በትክክል ደረሰ ወይ የሚል የቴክኒክ ጥያቄ ነው። ሁለተኛው የተፈለገው ትርጉም ተይዟል ወይ የሚል ነው። ሦስተኛው ደግሞ የተያዘው ትርጉም የታሰበውን ተግባር አስከተለ ወይ ይላል። የሻነን ሒሳብ የሚመልሰው አንደኛውን ብቻ ነው።

የኮሙኒኬሽን መምህራን ሥዕሉን በደስታ ተቀበሉት፤ ማስጠንቀቂያውን ግን ሁሉም አላነበቡትም። ተናጋሪው አስተላላፊ፣ ሰሚው ተቀባይ፣ አለመግባባት ሁሉ ጫጫታ ተባለ። ሻነን ራሱ በ1956 ባወጣት አጭር ጽሑፍ ንድፈ አሳቡ ከአቅሙ በላይ ወደማይመለከተው መስክ እየተጎተተ መሆኑን አስጠነቀቀ። በ1959 ደግሞ በርናርድ ቤረልሰን የጥናቱ ፋና ወጊዎች ወደየሙያቸው ስለ ተመለሱ መስኩ እየጠወለገ ነው ሲል ጻፈ፤ ሽራምም ሕያው ነው ብሎ መለሰለት። ፍርዱን የሰጡት ግን ተከራካሪዎቹ ሳይሆኑ ሥራ ነበር። የአይዋ ገበሬ ልጅ የሆነው ኤቨረት ሮጀርስ፣ አባቱ የተዳቀለ በቆሎ ለመዝራት ለዓመታት እምቢ ብለው በ1936 ድርቅ የጎረቤት በቆሎ ሲቆም የእርሳቸው ሲደርቅ አይቶ ነበር። አዲስ ነገር በሰዎች መካከል እንዴት እንደሚሰራጭ የጻፈው የ1962 መጽሐፍ ለግብርና ኤክስቴንሽንና ለጤና ትምህርት ሠራተኞች መመሪያ ሆነ። ከሙያው የሚወጣው ተመራቂ እንግዲህ ማይክሮፎን የያዘ ብቻ አልነበረም።

የዊቨር ሦስት ደረጃዎች በአንድ ላይ የወደቁበት ቀን ማርች 27 ቀን 1977 ነው። በካናሪ ደሴቶች በላስ ፓልማስ አውሮፕላን ማረፊያ ቦምብ በመፈንዳቱ ብዙ አውሮፕላኖች ወደ ትንሹ የቴኔሪፍ ማረፊያ ተመለሱ። ጉም ወረደ፤ ማረፊያው የምድር ራዳር አልነበረውም። የኬ.ኤል.ኤም. ቦይንግ 747 በማንደርደሪያው ጫፍ ቆሞ ነበር፤ የፓን አም ቦይንግ 747 ደግሞ በዚያው ማንደርደሪያ ላይ በቀስታ እየተጓዘ ነበር። የመነሻ ፈቃድ አልተሰጠም።

የሆላንዱ ረዳት አብራሪ የተነገረውን የጉዞ መመሪያ መልሶ ከደገመ በኋላ በእንግሊዝኛ «አሁን መነሻ ላይ ነን» እንደ ማለት ያለ ቃል ጨመረ። በሆላንድ ቋንቋ አንድን ድርጊት «ላይ መሆን» ማለት ድርጊቱን እየፈጸሙ መሆን ነው፤ አውሮፕላኑም በእርግጥ መንደርደር ጀምሮ ነበር። ተቆጣጣሪው ግን በመነሻው ቦታ ቆመው የሚጠብቁ መሰለው። ቃሉ ጥርት ብሎ ደርሷል፣ ትርጉሙ ግን አልደረሰም። (በቅኔ ቤት ሁለት ትርጉም ያለው ቃል ያስመሰግናል፤ በመቆጣጠሪያ ማማ ግን ሰው ይፈጃል።) ተቆጣጣሪው «እሺ» ብሎ ጥቂት ዝም ካለ በኋላ እስኪጠራቸው ድረስ እንዲጠብቁ ሲነግር፣ በዚያችው ቅጽበት የፓን አም አብራሪዎች ገና በማንደርደሪያው ላይ መሆናቸውን ተናገሩ። ሁለት አስተላላፊዎች በአንድ ሞገድ ላይ ስለ ተጋጩ በኬ.ኤል.ኤም. ክፍል ውስጥ «እሺ» ከተባለው ቃል በኋላ የተሰማው በፉጨት የተሸፈነ ድምፅ ነበር። ይህ በትክክል የሻነን ጫጫታ ነው።

ሦስተኛው ግን በጣም የሚከነክነው ነው። ከዚህ ቀጥሎ ፓን አም ማንደርደሪያውን ሲለቅ እንደሚያስታውቅ የተናገረው ቃል ያለ ፉጨት ደረሰ። በኬ.ኤል.ኤም. ክፍል ውስጥ ካሉት ሦስት ሰዎች ይህን ልብ ብሎ ያነሣው የበረራ መሐንዲሱ ነበር። ያ ፓን አሜሪካን አልለቀቀም ወይ ብሎ ጠየቀ። ካፒቴኑ የኩባንያው ከፍተኛ አሠልጣኝና ስመ ጥር አብራሪ ነበር፤ በእርግጠኝነት ለቋል የሚል መልስ ሰጠ። መሐንዲሱ ጥያቄውን አልደገመም። ከጥቂት ሰከንዶች በኋላ ሁለቱ አውሮፕላኖች ተጋጭተው 583 ሰዎች ሞቱ። የመሐንዲሱ ቃል በአንድ ክንድ ርቀት ላይ ላለ ሰው ያለ ሽቦና ያለ ሞገድ ደርሶ ነበር፤ ትርጉሙም ተይዟል፤ ተግባር ግን አላስከተለም።

ከዚያ በኋላ የተደረገው እርማት ሦስቱንም ደረጃዎች የነካ ነው። «መነሣት» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ፈቃድ በሚሰጥበት ወይም በሚሰረዝበት ጊዜ ብቻ እንዲነገር፣ በሌላ ጊዜ ሁሉ ሌላ ቃል እንዲተካው ተደረገ። የአሜሪካ የጠፈር ድርጅት ናሳ በ1979 ስለ አብራሪዎች የቡድን አሠራር ጉባኤ ጠራ፤ ዩናይትድ አየር መንገድ በ1981 ለአብራሪዎቹ አዲስ ሥልጠና ጀመረ። ሥልጠናው ካፒቴኑ እንዲጠይቅና እንዲያዳምጥ፣ የበታቹም ሥጋቱን በግልጽ እንዲናገርና ካልተሰማ እንዲደግም የሚያስተምር ነው። በዚህ ሥራ የተሰማሩት የሥነ ልቡና፣ የቋንቋና የኮሙኒኬሽን ባለሙያዎች ናቸው፤ የበረራ ክፍል ንግግሮችን ቅጂ ቃል በቃል እየተነተኑ ማን ማንን እንዴት እንደጠየቀ፣ ማን እንዳልመለሰ ይቆጥራሉ። ከ1914ቱ አሥራ ሰባት የንግግር መምህራን አንዱ እንኳ እንዲህ ያለ የሥራ መደብ ይፈጠራል ብሎ አስቦ አያውቅም ይሆናል።

ትምህርቱ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከጋዜጠኝነት ጋር ተጣምሮ ይሰጣል። በመሥሪያ ቤቶቻችን የተመራቂዎቹ የተለመደ መደብ «ሕዝብ ግንኙነት» ተብሎ መጠራቱ ከሁለቱ ቃላት የትኛው እንደቀደመ ያሳያል። «ተግባቦት» የሚለው ቃል ቆይቶ የመጣ ነው። ዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት በበኩሉ በዓለም አቀፍ በረራ የሚሠሩ አብራሪዎችና ተቆጣጣሪዎች የእንግሊዝኛ ችሎታ ከስድስት ደረጃዎች ቢያንስ አራተኛውን እንዲያሟላ የሚያዝ ደንብ በ2003 አውጥቶ ከ2008 ጀምሮ ሥራ ላይ አውሏል። አባል አገር በሆነችው በኢትዮጵያ ያሉ ባለሙያዎችም በዚሁ መለኪያ ይፈተናሉ። ፈታኞቹ ከሚመዝኗቸው ስድስት ነገሮች አምስቱ አነጋገርን፣ ሰዋስውን፣ የቃላት ብዛትን፣ ቅልጥፍናንና መረዳትን የሚመለከቱ ናቸው። ስድስተኛው ተፈታኙ አለመግባባት መፈጠሩን ሲጠረጥር መልሶ ይጠይቃል ወይ የሚል ነው።